የማያም ቁስል

ዛሬ የምጀምረው «ሬዲዮኑን ሳትዘጉ ጫማና ካልሲያችሁን አውልቁ» በማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገዳችሁ ከሆነ ለማታ አቆዩት። ቤት ያላችሁ ግን አሁኑኑ መጀመር ትችላላችሁ። ስኳር አለባችሁ የተባላችሁ፣ ወይም ስኳር ያለበት እናት፣ አባት፣ ባል ወይም ሚስት አጠገባችሁ ካለ፣ የዛሬው ዝግጅት በተለይ ለእናንተ ነው።

ስኳር ያለበት ሰው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍን። ሌላው ሰው በሌባ ጣቱ የእግር ጣቶቹን ጫፍ አንድ በአንድ ይንካለት። መጀመሪያ የቀኝ እግር አውራ ጣት፣ ከዚያ የቀኝ ትንሿ ጣት፤ ቀጥሎ የግራ አውራ ጣት፣ የግራ ትንሿ ጣት፤ በመጨረሻ የቀኝና የግራ የመሀል ጣቶች። በድምሩ ስድስት ቦታ ነው። ነካ አድርጋችሁ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ብቻ አቆዩት። አትጫኑ፣ አትቆንጥጡ፣ አታሹ። የተነካው ሰው በተሰማው ቁጥር «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል።

እስቲ መርካቶ በርበሬ ተራ የምትነግድ እናት ማታ ቤቷ ገብታ ከልጇ ጋር ይህን ስታደርግ እናስብ።

«እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ። ስነካሽ ቀኝ ወይ ግራ በይኝ።»

«እሺ… ቀኝ።»

«አሁንስ?»

«ቀኝ። እ… ይሄ ግራ ነው።»

ቀጥሎ ልጁ የግራ እግሯን ትንሿን ጣት ይነካል። እናት ዓይኗን እንደጨፈነች ዝም ብላ ትጠብቃለች። ትንሽ ቆይታ «ምነው ቆምክ? በቃ ጨረስክ?» ትለዋለች። እሱ ግን ነክቷት ጣቱን አንስቷል።

ያልተሰማ ቦታ ካለ ደግማችሁ አትሞክሩት፤ እንዳልተሰማ ቁጠሩትና ወደሚቀጥለው እለፉ። ዘዴው እንግሊዝ አገር ኢፕስዊች በተባለች ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ለስኳር ሕመምተኞች የተዘጋጀ ነው፤ ከሰው ጣት በስተቀር ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙ የእግሩ ነርቭ ሳይጎዳ አይቀርምና ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ በደንብ መታየት ያስፈልጋል። ስድስቱም ከተሰሙ ደግሞ እሰየው፤ የሐኪሙ የእግር ምርመራ ግን በዚህ አይቀርም።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንሂድ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮችን ይጎዳል። ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ናቸው። በሰውነታችን ውስጥ ከወገብ ተነሥተው እስከ እግር ጣት የሚወርዱት ነርቮች ከሁሉም ይረዝማሉ፤ ስለዚህ ችግሩ ከጣት ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንዱ ሰው ማታ ማታ እግሩን ያቃጥለዋል፣ ይወርረዋል፣ እንደ መርፌ ይጠቀጥቀዋል። አንዳንዱ ደግሞ ጥጥ ላይ የቆመ ይመስለዋል። ምንም ምልክት ሳያይ ስሜቱን የሚያጣም ብዙ ነው፤ ይበልጥ የሚያሰጋውም እሱ ነው። መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነው፤ ዘበኛውን እንቅልፍ በወሰደበት ሱቅ ውስጥ ሌባ ገብቶ ቢያድርም ባለቤቱ የሚያውቀው ጠዋት ነው።

የሚጎዳው ስሜት ብቻ አይደለም። የእግርን ትንንሽ ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰው ነርቭም ሲዳከም ጣቶች ይቆለመማሉ፤ የሰውነት ክብደትም ከጣቶች ሥር ባለው አጥንት ላይ ይወድቃል። እዚያ ቦታ ላይ ቆዳው ይወፍራል፣ ይጠነክራል። ብዙ ሰው የጠነከረ ቆዳ እግሩን የሚጠብቅለት ይመስለዋል፤ እንዲያውም ሥሩ ያለውን ሥጋ እየጨፈለቀ ውስጥ ውስጡን የሚያቆስለው እሱ ነው። ከጠነከረው ቆዳ ሥር ጠቆር ያለ ነጥብ ካያችሁ የደም ምልክት ነውና አትናቁት። ላብ እንዲመነጭ የሚያደርገው ነርቭ ሲበላሽ ደግሞ ቆዳው ይደርቅና ተረከዝ ይሰነጠቃል፤ ጀርም በዚያ ይገባል። በዚህ ላይ ስኳር የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ቁስሉ ለመዳን የሚያስፈልገው ደም አይደርሰውም። ሲጋራ ማጨስ ይህን ያባብሰዋል።

በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ስኳር ካለባቸው ሰዎች ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ውስጥ የእግር ቁስል ይገጥማቸዋል። በስኳር ምክንያት እግራቸው ከተቆረጠ ሰዎች ደግሞ የአብዛኞቹ ታሪክ የጀመረው አንድ ቀን በዓይን ሊታይ ይችል በነበረ ትንሽ ቁስል ነው።

የደነዘዘ እግር እንዴት እንደሚጠበቅ ዓለም የተማረው ባብዛኛው ከሥጋ ደዌ ሐኪሞች ነው፤ ከተማችንም ለዚህ እውቀት ቅርብ ናት። በአንድ ወቅት ሥጋ ደዌ ራሱ ጣት የሚበላ ይመስል ነበር። ፖል ብራንድ የተባለ እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ደቡብ ህንድ ቬሎር ውስጥ ሲሠራ ነገሩ ሌላ መሆኑን አሳየ። በሽታው ስሜትን ይገድላል፤ ጣቱን የሚያሳጣው ሳይታወቅ የሚደርሰው ቃጠሎ፣ መወጋትና ጫና ነው። ብራንድ በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት ውስጥ ካርቪል ወደሚባለው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሄደ። እዚያም እሱና ባልደረቦቹ ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች የሠሩትን ጫማና የቁስል አያያዝ ስኳር ላለባቸው ሰዎች አዋሉት። ዛሬ ሐኪም ቤት ውስጥ እግራችሁ የሚነካበት፣ በ10 ግራም ጫና የሚጎብጠው ቀጭን የናይለን ክርም የታወቀው በካርቪል በተሠራው ሥራ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ዘነበወርቅ ሰፈር፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ይጠራ በነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ቦታ ላይ፣ አለርት በ1965 እ.ኤ.አ. ተቋቁሟል። ለመላው አፍሪካ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተመሠረተ ማዕከል ነው። እዚያ ሕመምተኞች በየቀኑ እግራቸውን እንዲያዩ፣ የደረቀ ቆዳቸውን እንዲያለሰልሱ፣ ጫማቸውን በእጃቸው እንዲፈትሹ ሲማሩ ኖረዋል። ይህ እውቀት በከተማችን ውስጥ እያለ፣ ስኳር ያለበት የመርካቶ ነጋዴ ግን ሳያውቀው እግሩን ሲያጣ ማየት ያንገበግባል። ለዚህ ነው ይህን ዝግጅት የምንሠራው።

መርካቶ ለደነዘዘ እግር ቀላል ቦታ አይደለም። ምናለሽ ተራ ብረት ሲቀጠቀጥና ሲቆረጥ ስባሪው መሬት ላይ ይቀራል። ልብስ በሚሰፋበት ቦታ መርፌ ይወድቃል። ተሸካሚው በነጠላ ጫማ ከባድ ጆንያ ይዞ ይሮጣል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃና ውሃ ነው፤ የረጠበ ካልሲ ቀኑን ሙሉ እግር ላይ ከዋለ ጣት መሀል ያለው ቆዳ ነጭ ሆኖ ይላጣል። ስኳር ያለባችሁ ነጋዴዎች ሱቅ ውስጥ አንድ ደረቅ ካልሲ አስቀምጡ። ነጭ ቢሆን ይሻላል፤ ደም ወይም መግል ከነካው ወዲያው ይታያል።

ሌላው የክረምት አደጋ ከሰል ነው። እግሬ ቀዘቀዘኝ ብሎ ማንደጃ አጠገብ እግሩን የሚዘረጋ ሰው ብዙ ነው። ስሜት ያለው እግር ሙቀቱ ሲበዛበት ይሸሻል፤ የደነዘዘው ግን እዚያው ሆኖ ይቃጠላል። በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ሙቅ ውሃ እግር ሥር አድርጎ መተኛትም ያው ነው። ከበረዳችሁ ካልሲ አድርጉ፣ ብርድ ልብስ ደርቡ።

እግር ማጠብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ማታ የአባትን እግር ማጠብ፣ መንገድ የመጣ እንግዳን እግር ማጠብ የቆየ ወጋችን ነው። ዛሬ ያን ወግ ብንመልሰው ስኳር ላለበት ሰው ትልቅ ሕክምና ይሆናል፤ የሚያጥበው ልጅ የሚያየውን አባት ጎንበስ ብሎ ማየት አይችልምና። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱን ስኳር የሌለበት ሰው ይለካው፣ ወይም በክርናችሁ ሞክሩት። ጨው ባለው ሙቅ ውሃ መዘፍዘፍን ግን ተዉት፤ ቆዳውን ያልፈሰፍሰዋል፣ በኋላም ያደርቀዋል። ከታጠበ በኋላ በጣቶች መሀል አንድ በአንድ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ተረከዝና ውስጥ እግር ላይ ቫዝሊን ተቀቡ፤ በጣቶች መሀል ግን አትቀቡ፣ እርጥበት ይይዛል።

አንዋር መስጊድ የምትሰግዱ አድማጮቻችን ለዚህ ቅርብ ናችሁ። ውዱእ ስታደርጉ እጃችሁ በጣቶቻችሁ መሀል ያልፋል፤ ከአምስቱ ሰላት በአንዱ ዓይናችሁም አብሮ ይመልከት፣ ሁልጊዜም ስትጨርሱ አድርቁት። ራጉኤል የምትሳለሙ ደግሞ ጫማችሁን ከግቢው በር ላይ ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ልትገቡ ስትሉ አውልቁ፤ ካልሲያችሁ እግራችሁ ላይ ይቆይ። በባዶ እግር የሚሄድ ምእመን ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በጠጠርና በፀሐይ በጋለ ድንጋይ ላይ የደነዘዘ እግር ምን እንደነካው አያውቅም። ለዚህ የንስሐ አባታችሁም ሆኑ ኢማማችሁ የሚቀየሟችሁ አይመስለኝም።

ሲታይ ምን ይታያል? ውስጥ እግር፣ ተረከዝ፣ በጣቶች መሀል፣ በጥፍር ዙሪያ። መቅላት፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ፣ ስንጥቅ፣ የጠቆረ ነገር፣ እብጠት፣ ፈሳሽ፣ ሽታ። አንዱን እግር ከሌላው አስተያዩ። በእጅ ጀርባ ዳስሱት፤ አንዱ ቦታ ከሌላው ይበልጥ ከሞቀ ጥሩ ምልክት አይደለም። ጎንበስ ማለት የሚያስቸግራችሁ ትንሽ መስታወት መሬት ላይ አድርጋችሁ እግራችሁን ከላይ ያዙ፣ ወይም ልጃችሁ በስልክ ፎቶ ያንሳላችሁ። ስኳር ዓይንንም ስለሚጎዳ የራሳችሁን ዓይን ብቻ አትመኑ። ከስኳሩ የተነሣ ዓይኑ የደከመ ሰው የሚያይለት ሌላ ሰው የግድ ያስፈልገዋል።

ጥፍር ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ በጎን ጠርዙ እየተጎረደ ወደ ሥጋ መግባት የለበትም። የጠነከረ ቆዳን በምላጭ መላጥ ክፉ ልማድ ነው፣ ተዉት። ለእግር የሚሸጠውን ቆዳ የሚያነሣ መድኃኒትም ስኳር ላለበት ሰው አልመክርም፤ ጤናማውንም ቆዳ ያቃጥላል። የጠነከረውን ቆዳ የሠለጠነ ባለሙያ ያንሣላችሁ።

አሁን ስለ ጫማ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መርካቶ የጫማ አገር ነውና። ስኳር ያለበት ሰው ጫማ ሲገዛ አንድ ስውር ስሕተት ይሠራል። እግሩ ስለደነዘዘ ልኩ የሆነውን ጫማ «ይሰፋኛል» ይላል፤ የሚጠበውን ሲያደርግ ግን ጥበቱ በትንሹም ቢሆን ስለሚሰማው «ይሄ ልኬ ነው» ብሎ ይገዛል። ስለዚህ እግራችሁን አትጠይቁት፣ ለኩት። ቤት ውስጥ ወረቀት መሬት ላይ አንጥፋችሁ ቆማችሁ የእግራችሁን ዙሪያ በእርሳስ አስምሩ፤ ከዚያ በመቀስ ቆርጣችሁ ያዙት። ጫማ ተራ ስትሄዱ ወረቀቱን ጫማው ውስጥ አስገቡ። ከታጠፈ ወይም ከተጨማደደ፣ ሻጩ «በመልበስ ይለቃል» ቢላችሁም፣ ጫማው የእናንተ አይደለም። ረጅሙ ጣታችሁ ፊት ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑር፤ የጣት ቦታው ሰፊና ከፍ ያለ ይሁን። መግዛት ያለባችሁ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እግር ሲውል ያብጣል። አዲሱን ጫማ በመጀመሪያው ቀን አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ብቻ አድርጋችሁ አውልቁና እግራችሁ ቀልቶ እንደሆነ እዩ።

ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ በየጠዋቱ እጃችሁን ውስጡ ክተቱ። ጫማውን ገልብጡና አራግፉት፤ ከዚያ በጣታችሁ ጫፍ ከተረከዙ ጀምራችሁ እስከ ጣቱ ቦታ ድረስ ገበሩን ዳስሱ። የተጠገነ ጫማ ከሆነ ከሶሉ ወደ ውስጥ ብቅ ያለች የሚስማር ጫፍ ልታገኙ ትችላላችሁ። ለእጅ ወዲያው ትታወቃለች፤ ለደነዘዘ እግር ግን ካልሲው በደም እስኪርስ ድረስ አትታወቅም። ጠጠር፣ የተጠቀለለ ገበር፣ የልጅ መጫወቻም ይገኛል።

ሸራ ተራና አካባቢው ላላችሁ ጫማ ሰፊዎች አንድ ነገር ልበል። አለርት ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ልዩ ጫማ ሲያሠራ ኖሯል፤ ለስላሳ የውስጥ ንጣፍ፣ ጠንካራ ሶል፣ ሰፊ የጣት ቦታ፣ እግር የሚነካ ሚስማር የሌለው፣ በማሰሪያ ወይም በቬልክሮ የሚጠብቅና የሚላላ። ይህን መሥራት ከእናንተ እጅ በላይ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው በከተማችን ሞልቷል፤ ገበያው አለ ማለት ነው። አንድ ሱቅ እንኳ ይህን ጫማ በሰው አቅም አቅርቦ ቢሸጥ ብዙ እግር ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቁስል ቢገኝስ? መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ ሸፍኑት፣ በዚያ እግር መርገጥ ቀንሱና በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስ፣ ቡና ወይም ቅጠል ቀጥቅጦ ማድረግ ቁስሉን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም፤ ሥሩ መግል ሲሰበሰብም ሐኪሙ እንዳያየው ያደርጋል። ጠበል የምትጠመቁም ብትሆኑ ሐኪም ቤት መሄዳችሁን አታቁሙ። «አያመኝም እኮ» ብላችሁም አትዘግዩ። አለማመሙ ራሱ የበሽታው ምልክት ነው።

ለነገ የማይባሉ ምልክቶችም አሉ። ቁስሉ ዙሪያ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግልና ሽታ ካለው፣ ጣት ከጠቆረ፣ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂዱ። ለመርካቶ ሰው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። አንድ ሌላም አለ፤ ቁስል ሳይኖር አንዱ እግር ድንገት ቢያብጥ፣ ቢቀላና ቢሞቅ፣ ብዙ ባያምም እንኳ፣ የእግሩ አጥንቶች እየላሉና እየተሰበሩ ሊሆን ይችላል። ይህ ችግር ሻርኮ በተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ስም ይጠራል። ወለምታ ነው ብላችሁ ወጌሻ ጋ ለማሳሸት አትሂዱ፤ በዚያ እግር መርገጥ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ድረሱ።

በመጨረሻ ስለ መደበኛው ምርመራ። ስኳር ያለበት ሰው ሁሉ እግሩ ጤናማ ቢሆንም በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ መታየት አለበት። ስሜቱ የቀነሰ ወይም የደም ዝውውሩ የደከመ በየ6 ወሩ እስከ ዓመት፤ በዚያ ላይ የእግሩ ቅርጽ የተለወጠ በየ3 እስከ 6 ወሩ፤ ከዚህ በፊት ቁስል የነበረው ወይም ጣቱ የተቆረጠ ደግሞ በየ1 እስከ 3 ወሩ። ባለሙያው ቆዳውንና ጥፍሩን ያያል፣ በናይለኑ ክር ስሜትን ይፈትሻል፣ እግር አናት ላይና ከቁርጭምጭሚት ጀርባ የደም ትርታን ይዳስሳል፣ ጫማችሁንም ይመለከታል።

በተጨናነቀ ክሊኒክ የስኳር ቁጥር ታይቶ፣ መድኃኒት ታዝዞ፣ እግር ሳይታይ የሚመለስ ሰው እንዳለ እናውቃለን። ባለሙያው ላይ ወረፋው ይበዛበታል። እናንተ ግን አግዙት፤ ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ ስትቀመጡ ሳትጠየቁ ጫማና ካልሲያችሁን አውልቁና «ዶክተር፣ እግሬንም ይዩልኝ» በሉ። «ሲስተር» ከሆኑም ያው ነው። ማታ ቤት ውስጥ ሲነካ ያልተሰማችሁ የትኛው ጣት እንደሆነ ንገሯቸው፣ የሚቀጥለው የእግር ምርመራ ቀንም ካርዳችሁ ላይ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ።